በአባቴ ሣር ላይ የወጣ ላሽ

አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ሲያስተካክል ኖሮ የዛሬ ሦስት ዓመት ሱቁን ዘጋ። «ጉልበቴ መቆም አቃተው» አለን፤ እኛም አመንነው። ከዘጋ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል መስኮት ሥር ወንበር ስቦ በመንገዱ ማዶ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ማጅራት ሲገመግም ከረመ። «ይኸንን ምስኪን ማን ነው እንዲህ የጨረገደው?» ይላል። «አየህልኝ? ግራና ቀኙ አይገናኝም እኮ!»

እናቴ ሰለቻትና አንድ ጠዋት የጓሮውን ሣር እያሳየች፣ «ይኸውልህ ያደገ ፀጉር! ሂድና አስተካክል» አለችው። ቀልዷን ነበር። እሱ ግን የምሩን ወስዶ በሳምንቱ ከአንድ ወዳጁ ቤት ያገለገለ ባለ ቤንዚን የሣር ማጨጃ እየገፋ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ጓሯችን ፀጉር ቤት ነው። አባቴ የሱቁን ነጭ ጋዋን ይለብሳል፤ የደረት ኪሱ ውስጥ ሁለት ማበጠሪያዎች ዛሬም አሉ። ማጨጃውን ገፍቶ ቧንቧው አጠገብ፣ ሣሩ ላይ በጎኑ ያስተኛዋል። ከዚያ የፀጉር መቁረጫ ማሽኑ፣ ቶንዶሱ ላይ እንደለመደው፣ ስለቱ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ ያደርጋል። «ያልተቀባ ብረት የደንበኛዬን ራስ አይነካም» ይላል። በወር አንዴ ደግሞ ስለቱን ይፈታና ድሮ ምላጩን በሚስልበት፣ አሁን ማድ ቤቱ በር ላይ በተሰቀለው የቆዳ ቀበቶ ላይ እያፏጨ ወዲያና ወዲህ ያላጋዋል። የማጨጃውን ጎማዎች እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርጋል፤ «የሚያምርበት ዜሮ ነው» ባይ ነው። ሲጨርስ የማጅራት ብሩሹን አውጥቶ የሲሚንቶውን መተላለፊያ ይጠርግና፣ ጋዋኑን አራግፎ «ቀጣይ!» ይላል፤ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሣር ያለ ይመስል።

እኔ ከቅዳሜው ይልቅ የምወደው የሌላውን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ጠዋት (ቅዳሜ አርፍጄ ነው የምገባው) አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ ከምሳ በኋላ ጓሮው ውስጥ ካለችው አንዲት ዛፍ ሥር ላስቲክ አንጥፌ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ደመና አያለሁ። እናቴ «የሰማይ ዘበኛ» የሚል ስም አውጥታልኛለች። ልብስ ስታሰጣ፣ «ዛሬስ የተሰረቀ ደመና አለ?» ትለኛለች።

«የለም፤ ሁሉም በቦታው ነው» እላለሁ።

«ጎበዝ። ደመወዝህን ከላይ ጠይቅ።»

ብቻዬን ግን አልጠብቅም። የጎረቤታችን ውሻ ሻምበል በአጥሩ ቀዳዳ ይሾልክና ጎኔ ዘፍ ይላል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አንድ ጆሮው ቆሟል፣ አንዱ ደክሞት ወድቋል። ሲያንኮራፋ ከአባቴ አይተናነስም። ከሰው ጋር ሳወራ የምለው ይጠፋኛል፤ ሻምበል ግን ምንም እንድለው ጠብቆ አያውቅም። ባለቤቱ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚላቸው።

ነገር የመጣው አንድ ቅዳሜ፣ አባቴ «ቀጣይ!» ብሎ ሳይጨርስ ነው። እናቴ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ መሬት መሬቱን አየችና መቆንጠጫውን አውጥታ ጮኸች።

«አንተ ሰውዬ! ደንበኛህ ላሽ አወጣ!»

ሄደን አየን። እውነትም ላሽ እንደ መታው ራስ ሰባት ቦታ ላይ ሣሩ አልቆ አፈሩ ገጥጧል። ሁለቱ ቧንቧው አጠገብ፣ ሁለቱ ድሮ ጉቶ ከተቀበረበት ጉብታ ላይ፣ ሁለቱ አጥሩ ሥር፣ አንዱ ትልቁ ከዛፏ ሥር። የቀረውም ሣር ቢሆን ጫፉ ነጣ ነጣ ብሎ የታመመ ሰው ፊት መስሏል።

አባቴ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ከራቅ ብሎ አየው። «አርባ ዓመት ሠርቼ በእጄ ላሽ ወጥቶ አያውቅም» አለ። «ይኼ ከውጭ የመጣ ነው።»

ሻምበልም ዕድል የለው፣ በዚያችው ደቂቃ በቀዳዳው ሾልኮ ብቅ አለ፤ ግራ ቀኙን አሸተተ፤ የአጥሩን ምሰሶ መርጦ ኋላ እግሩን አነሳ። እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

«ሲስተር!» አለ አባቴ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ።

«አቤት ጋሼ፣ ደህና አደሩ?»

«የሣሬ በሽታ መነሻ ተገኘ። ውሻዎ ነው።»

«ሻምበል? ሻምበል እንኳን ሣር ጉንዳን ረግጦ አያውቅም።»

«አይረግጥም፤ ይሸናል!»

«ታዲያ እርስዎ አይሸኑም?»

«ሣር ላይ አልሸናማ!»

እናቴ ሳቋን ለማፈን የተሰጣውን ፎጣ ነከሰች። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ደህና ነበር። አባቴ ግን ሰባት ጣቱን ዘርግቶ «ሰባት ቦታ፣ ሲስተር! ሰባት!» ሲል የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ።

«በሰው ንብረት ላይ የሚያጠፋ ውሻ አላኖርም» አሉ ቀዝቀዝ ብለው። «የእህቴ ልጅ የፊታችን ቅዳሜ ፒካፕ ይዞ ይመጣል። ጡብ ፋብሪካው የጥበቃ ውሻ ይፈልጋል፤ ወስዶ ይሰጣቸዋል።»

አባቴ እዚህ ድረስ ይሄዳል ብሎ አላሰበም፤ ከዓይኑ አየሁት። ግን አንዴ ሰባት ጣት ዘርግቷል።

«እንግዲያውስ» አለ።

«እንግዲያውስ» አሉ ሲስተር፤ ገቡና በሩን ዘጉ።

ጡብ ፋብሪካውን አውቀዋለሁ። በሩ ላይ ሁለት ውሾች ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስረው፣ ሰንሰለቱ የደረሰበትን አፈር በክብ ሲፍቁት ይውላሉ። ሻምበል በዕድሜው አንገቱ ላይ ክር እንኳ ታስሮበት አያውቅም።

ማክሰኞና ረቡዕ ደመና የሚባል ነገር ማየት አቃተኝ። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በትልቁ አደባባይ በኩል ሳልፍ፣ የአደባባዩን ሣር የሚንከባከበው አትክልተኛ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ነበር። ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት ከተራራ ይከብደኛል፤ ግን እግሬ ቆመ።

«የእኛ ቤት ሣር መላጣ አወጣ» አልኩት፤ ሰላምታውን ረስቼ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ሣሩ ቢያወጣ ይሻላል፤ አንተ ገና ነህ» አለ። «ምን አደረጋችሁት?»

«ውሻ ነው ይላሉ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«እግሩን ያነሳል?»

«ያነሳል።»

«መላጣውስ የት ነው?»

«መሃል ላይም አለ።»

«እንግዲህ ንገረኛ፤ መሃል ሜዳ ላይ እግሩን አንስቶ ምን ላይ ነው የሚደገፈው? አየር ላይ?» ብሎ ጉልበቱን መታና ሳቀ። ከዚያ ቀረብ በል ብሎ ሣሩን እያሳየ አስረዳኝ። «የውሻ ሽንት ክብ ነው፤ መሃሉ ይሞታል፤ ዙሪያው ግን ከሌላው ይብስ ይጠቁርና ይለመልማል፤ ማዳበሪያ ሆኖለት። የሞተውን ይዘህ ሳበው፤ እንደ ምንጣፍ ከተገለበጠልህ ሥሩን የበላው ትል ነው። ካልተገለበጠ ደግሞ አፈሩን አሽትት። ጫፉንም እየው። ስለታም ብረት የቆረጠው ጫፍ ቀጥ ያለ ነው፤ ደነዝ ብረት የነካው እንደተበጣጠሰ ጨርቅ ይንጨባረራል፤ ከዚያ ይነጣል። ጉብታ ላይ ከሆነ ደግሞ ማጨጃው ዝቅ ብሏል፤ ሣሩን ሳይሆን ቆዳውን ነው የላጨው። ማን ነው የሚያጭደው?»

«አባቴ።»

«ሥራው ምን ነበር?»

«ፀጉር አስተካካይ።»

አትክልተኛው መሳቁን ተወ። «አይ አንተ ልጅ» አለ፤ «የመጣብህ መዓት ነው። ፀጉር አስተካካይን ብረትህ ደንዟል ልትለው ነው?»

ያን ዕለት ከሰዓት አባቴ ጋደም ሲል ጓሮ ወጣሁ። ከአጥሩ ሥር ጀመርኩ፤ ሁለቱም ክብ ናቸው፤ ዙሪያቸው ጥቁር አረንጓዴ። ሻምበል ጎኔ ቁጭ ብሎ ጭራውን ያወዛውዛል። «እነዚህስ ያንተ ናቸው» አልኩት፤ አልካደም። ቧንቧው አጠገብ ሄጄ የሞተውን ሣር ሳብኩ፤ ሥሩ መሬቱን እንደያዘ ነው፤ ትል የለም። ተንበርክኬ አፈሩን አሸተትኩት። ቤንዚን! ቤንዚንና ዘይት፤ ልክ መካኒክ ቤት እንደገባሁ። ማጨጃው በየሳምንቱ በጎኑ ሲተኛ ከታንከሩ ጠብ ጠብ እያለ ሲፈስ ከርሟል። ጉብታው ላይ ያለው ሣር ተላጭቶ ሥሩ አፍጥጧል። ከመሃል ሜዳው አንድ ቅጠል ነቅዬ ወደ ብርሃን አነሳሁት፤ ጫፉ የተቆረጠ ሳይሆን የተነጨ ነው፤ ጭራ ጭራ አውጥቷል።

የቀረኝ የዛፏ ሥር ነበር። ክብ አይደለም፤ ቤንዚንም አይሸትም፤ ጉብታም የለው። ረዘም ያለ ነው፤ ከላይ ጠበብ፣ ከዚያ ሰፋ፣ ከዚያ እንደገና ቀጠን ይላል። ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ለማሰብ በጀርባዬ ተጋደምኩበት። ጭንቅላቴ ጠበብ ካለው ላይ፣ ትከሻዬ ከሰፋው ላይ፣ ተረከዜ ከመጨረሻው ላይ ልክክ አለ። ሻምበል መጥቶ ከዚያው መላጣ በስተቀኜ ወጣ ባለችው አጭር ጎን ላይ ዘፍ አለ፤ እሱም ልክክ አለ። ለካ ላስቲኬ ሣሩን አፍኖት ኖሯል። ወንጀለኛ ስፈልግ ወንጀሉ ላይ ተኝቻለሁ።

ማወቁስ ታወቀ። አባቴ ፊት ቆሞ መናገሩ ነው የቸገረኝ። ዓርብ ሦስት ጊዜ «አባዬ» ብዬ ጠራሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ምን ፈለግክ?» ሲለኝ «ሻይ ልቅዳልህ?» አልኩ። ሦስት ብርጭቆ ጠጣ። በመጨረሻ መላ መጣልኝ፦ ወረቀት ላይ የጓሮውን ካርታ ሣልኩ፤ በእያንዳንዱ መላጣ አጠገብ ምክንያቱን ጻፍኩ። ፈሪ ሰው ጽሑፉም ትንንሽ ነው፤ ፊደሎቼ የጤፍ ፍሬ አከሉ። እሱ ያነበዋል፣ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት እሆናለሁ፤ ሰላም።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ልወጣ ስል አባቴ ጋዋኑን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ወረቀቱን እጁ ላይ አስቀመጥኩና ላመልጥ ስል ክንዴን ያዘኝ። ወረቀቱን ቀረብ አደረገው፤ ራቅ አደረገው፤ ክንዱ እስኪያልቅ ድረስ ራቅ አደረገው።

«ምን ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ነው? አይነበብም። አንብብልኝ።»

በዚያው ቅጽበት የሲስተር በር ላይ የፒካፕ ጡሩምባ ጮኸ። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም።

«ከዛፏ ሥር ያለው የእኔ ነው» አልኩ ከቀላሉ ጀምሬ። «ላስቲክ አንጥፌ እየተኛሁበት ነው የሞተው። ተኝቼ ለካሁት፤ ልኬ ነው።»

እናቴ ከኋላ፣ «ዘበኛው ራሱ ሌባ!» አለች።

አባቴ ሳቀ። «ቀጥል።»

«አጥሩ ሥር ያሉት ሁለቱ የሻምበል ናቸው።»

«አላልኩም?»

«ጉብታው ላይ ያሉት... ማጨጃው ዝቅ ስላለ ነው። ዜሮ ስለምታደርገው።» ሳቁ ቀነሰ። «ቧንቧው አጠገብ ያሉት ዘይትና ቤንዚን ናቸው። ስለቱን ስትቀባ ማሽኑን በጎኑ ስለምታስተኛው። እና...»

«እና ምን?»

«እና ስለቱ... አባዬ፣ ስለቱ ደንዟል።»

እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። አባቴ ወደ ሣሩ ወርዶ አንድ እፍኝ ነጨና፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸው። ያ ጣት አርባ ዓመት ሙሉ የፀጉር ጫፍ ዳብሷል።

«ይኼ ተነጭቷል እንጂ አልተቆረጠም» አለ ለራሱ። «መፍቻ አምጣ።»

ስለቱን ፈታና አውራ ጣቱን ቀስ ብሎ ዳር ዳሩን አስኬደው። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። እንደገና ቆመ። ድንጋይ የሸረፈው የጥርስ ያህል ጎድጓዳ አራት ቦታ ነበረበት። በየወሩ በቆዳ ሲያላጋው ማብረቅረቁን እንጂ መሸረፉን አላየም።

«ጉልበቴ አልነበረም» አለ ድንገት፤ ስለቱን እያየ። «ሱቁን የዘጋሁት። የሃያ ዓመት ደንበኛዬን ጆሮ ነካሁት። ጥቂት ነው፤ ግን ደማ። ሰውዬው ምንም አላለኝም። ያ ምንም አለማለቱ ነው ያስዘጋኝ።»

«ከሦስት ዓመት በፊት ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ለስልሶ። «ባለፈው ሻዬ ላይ ጨው ስትጨምር ዝም ብዬ የጠጣሁት ለምን ይመስልሃል?»

«መነጽር ያደረገ ፀጉር አስተካካይን ማን ጆሮውን አምኖ ይሰጠዋል?»

የፒካፑ ሞተር ሲነሳ ሰማን። አባቴ ያ የሚባለው ጉልበቱ ምንም ሳይለው ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ ነጭ ጋዋኑ እየተርገበገበ፣ የማጨጃው ስለት በእጁ እንዳለ፣ ወደ መንገዱ ሮጠ። እኔም ተከተልኩ። ሻምበል ከፒካፑ ኋላ በገመድ ታስሮ ቆሟል፤ የቆመችውም ጆሮው ወድቃለች። የሲስተር የእህት ልጅ አንድ ሸበቶ ሰው ብረት ይዞ ሲመጣበት አየና መስኮቱን ዘግቶ በሩን ቆለፈ።

«ጋሼ!» አሉ ሲስተር። «ምን ሆኑ? ያንን ብረት ያስቀምጡ!»

«ሲስተር» አለ አባቴ እያለከለከ፤ «በሽተኛው ተመርምሯል። ሻምበል ነፃ ነው። ማለቴ... ከሰባቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሱ።»

«አምስቱስ?»

«አራቱ የእኔ። አንዱ የዚህ» ብሎ በስለቱ ወደ እኔ ጠቆመ። «ሣሩ ላይ ቤንዚን አፍስሼ፣ ቆዳውን ላጭቼ፣ በደነዝ ብረት ነጭቼ፣ ዘጠኝ ዓመት በሰላም የኖረ ውሻ ከሰስኩ። ሰባት ጣቴን ዘርግቼብዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሲስተር ከሹራባቸው ኪስ የመድኃኒት ካርቶን አውጥተው ፊቱ ላይ ዘረጉ። «እስቲ ይኸን ያንብቡልኝ።»

አባቴ ካርቶኑን ተቀበለና ራቅ፣ ራቅ፣ ራቅ አደረገው።

«በቃ፣ እጅዎ አለቀ» አሉ። «ይኸን ምርመራ ሦስት ዓመት ነው ይዤልዎ የምጠብቀው። ሰኞ አብረን ዓይን ሐኪም ቤት እንሄዳለን። አንተ ልጅ፣ ገመዱን ፍታ!»

እኔን መስሎኝ ስሮጥ የእህታቸው ልጅ ቀደመኝ፤ ቶሎ ተገላግሎ መሄድ ነበር የፈለገው። ሻምበል ዘሎ ወረደ፤ አባቴን አሸተተው፤ ከዚያ የፒካፑን ጎማ መርጦ እግሩን አነሳ። ማንም ምንም አላለውም።

አባቴ መነጽሩን ያደረገ ቀን መጀመሪያ ያየው እናቴን ነው። «አንቺ! መቼ ሸበትሽ?» አላት። «አንተ ዓይንህን ስትደብቅ» አለችው። ስለቱን ብረት ሠራተኛ ዘንድ ወስዶ አስሞረደ፤ ጎማዎቹን ሦስት እርከን ከፍ አደረገ። አሁን ቤንዚኑን የሚሞላው ሲሚንቶው ላይ ካርቶን አንጥፎ ነው። ቧንቧው አጠገብ ያለውን አፈር አካፋ በአካፋ አውጥተን አዲስ ሞላን፤ ዘር በተንን፤ ገመድ ወጠርን። ሲስተር ሻምበል ምሰሶውን በጎበኘ ቁጥር ሽንቱን ሊያጥቡበት ባልዲ ውኃ ይዘው በአጥሩ በኩል ብቅ ይላሉ፤ «ሕክምና ነው» ይላሉ።

የእኔ ላስቲክ ተወረሰ። «ቦታ እየቀያየርክ ተኛ» የሚል ትእዛዝም ወጣብኝ። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት እርምጃ እሸሻለሁ፤ ሻምበልም ሁለት እርምጃ ይከተለኛል። አዲሱ ሣር ከዛፏ ሥር ሲበቅል መጀመሪያ የወጣው የትከሻዬ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አባቴ አጭዶ ጨረሰ። መተላለፊያውን ጠረገ፤ ጋዋኑን አራገፈ። እኔ ተንጋልዬ አንድ ትልቅ ደመና እየጠበቅሁ ነበር።

«ቀጣይ!» አለ።

ዓይኔን ከደመናው አላነሳሁም፤ እንደ ሁልጊዜው ለሣሩ መስሎኝ።

«አንተን ነው የምለው!»

ቀና ስል ሣሩ መሃል የማድ ቤቱን ወንበር አስቀምጧል። በአንድ እጁ አንሶላ፣ በሌላው መቀስ ይዟል፤ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው። ማበጠሪያዎቹ ከኪሱ ወጥተዋል። እናቴ ልብስ ማስጣቷን ትታ ታያለች፤ ሲስተር ባልዲያቸውን ይዘው አጥሩ ጋ ቆመዋል።

ሄጄ ተቀመጥኩ። አንሶላውን አንገቴ ላይ አሰረ። መቀሱ ከጆሮዬ ኋላ ቀጭ ሲል ሳላስበው እጄ ወደ ጆሮዬ ሄደ።

«እጅህን አውርድ» አለ አባቴ፤ ጎንበስ ብሎ ፀጉሬን በሁለት ጣቱ መሃል እያሻሸ። «አየዋለሁ።»

አወረድኩ።